አልጋ ሰባት

ፋይሉን ገለጥሁት። ጽሕፈቱ ያምራል፤
መስመር ሳይለቅ እንደ ዘር ተደርድሯል።
አልጋ አምስት፤ ሙቀት ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት፣
አልጋ ስድስት፤ የልብ ምት ሰባ ሁለት፣
አልጋ ሰባት፤
ግፊት መቶ ሃያ በሰማንያ፣ ትንፋሽ ዐሥራ ስምንት።
ሰዓቱም አለ፤ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት።
ከግርጌው ፊርማ፤ ምንተስኖት።

አልጋ ሰባት ባዶ ነበር።
እማማ አስካለችን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት
አምቡላንስ ይዟቸው ወርዷል ወደ ደብረ ብርሃን፤
አንሶላው ተገፎ፣ ፍራሹ የመሐል ሜዳን ውርጭ ጠጥቶ፣
እርሱ ግን ጽፏል፣ ከሌለ ክንድ ላይ የደም ግፊት አግኝቶ።

“ማንን ለካህ?” አልኩት።
“ሁሉንም፣ ሲስተር” አለኝ፤
ጋዋኑ እንደ ጽሕፈቱ ንጹሕ፣ እጁ ከኪሱ ሳይወጣ።

የመጀመሪያው አይደለም።
በጥቅምት የአዋቂውን መጠን ለሕፃን ቀድቶ
እጁን አየር ላይ ያዝኩት፤ መርፌው ሊገባ ጣት ሲቀረው።
በኅዳር መከርኩት፤ ፈረመ።
በታኅሣሥ አስጠነቀቅሁት፤ ፈረመ።
መፈረምስ ይችላል።

የክፍሉ ኃላፊ ሻዩን እያማሰለ፣
“አምስት ወር ለቀረው ልጅ፣ ውቢት፣ ምን አስጨነቀሽ?” አለ፤
“አባትየው በሬ ሸጦ ነው ያስተማረው።
ሥራ ላይ ሲገባ ይለምደዋል።”
“በማን ገላ?” አልኩት።
ስኳር ጨመረ።

ቅዳሜ አባትየው፣ አቶ ጽጌ፣ ከጓሳ ማዶ በእግሩ መጣ፣
ከብብቱ ሥር የታጠፈ ባና አወጣ፤
ጥቁር፣ የአራት በግ ጠጉር፣ ሚስቱ ፈትላው የእጁ ሥራ፣
“ለብርዱ ነው እመቤቴ፤ ሌላ ነገር የለበትም፣ አደራ።”
ስለ ልጁ ቃል ሳይተነፍስ መርቆኝ ተሻገረ፤
ባናው ግን ከጠረጴዛዬ ላይ ሲናገር ዋለ፣ ሲናገር አደረ።

አንድ ጊዜ ራርቻለሁ። አልክድም።
የዛሬ ሁለት ዓመት፣ አንዲት ልጅ፤ ስሟን አልጠራም።
ወላጅ የሌላት፣ ዐይኗ ቶሎ እንባ የሚሞላ፤
ሁለት ነጥብ ጨመርኩላት። ሁለት ብቻ፤ ሌላ አይደለም ሌላ።
ዛሬ ራቤል በኩል ጤና ጣቢያ ላይ የሌሊት ተረኛ ናት።
ከዚያ መንገድ አምቡላንስ ሲጮኽ ሰምቼ
እነሣለሁ፤ መብራት ሳላበራ፣ በባዶ እግሬ፣ መስኮት ከፍቼ፤
የሷ ይሆን? እላለሁ።
እስካሁን የሷ አልነበረም።
“እስካሁን” የሚል ቃል ግን ትራስ አይሆንም።

ሰኞ ጠርቼ እጄን ዘረጋሁለት።
“ቁጠር” አልኩት፤ “የኔን። ሙሉ ደቂቃ።”
ጣቱ አንጓዬን ነካ፣ ለቀቀ፤ ነካ፣ ለቀቀ፤
ግንባሩ በዚያ ብርድ ላብ አፈለቀ።
ዐይኑ ሰዓቱን ትቶ ወለሉ ላይ ቀረ።
“ሲስተር” አለ ቆይቶ፣ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ ሆኖ፣
“ሰው ስነካ ቁጥሩ ይጠፋብኛል።
ሳልነካ ነው የሚመጣልኝ።”

ምን ተስኖት! ያወጡለት ስም ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
የተሳነው አንድ ደቂቃ ነው፤ ስልሳ ሰከንድ፤
አንድ ሰው ለመሞት የሚበቃው ጊዜ።

ቅጹን ሞላሁ። “ለሕሙማን ደኅንነት ብቁ አይደለም”
የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ፤
እስክሪብቶው በብርዱ እምቢ ብሎ ሁለቴ ደገምኩት።
አንዱ ቅጂ ለኃላፊው፣ አንዱ ለፋይሉ፣ አንዱ ለርሱ።
ተቀበለ፤ ፈረመ፤
ፊርማው እንደ ወትሮው ያምራል።
ባናውንም አሸከምኩት፣ ለአባቱ እንዲመልስ።
በሩ ላይ ዞር ብሎ የሆነ ነገር ሊለኝ ነበር፤
እፎይታ ይሁን እርግማን፣ አላወቅሁም።

ያን ሌሊት በረደኝ።
አልጋ ሰባት ላይ አዲስ ሰው ገብቷል፣ የማላውቀው ሽማግሌ።
አጠገቡ ተቀምጬ አንጓውን ያዝኩ፤
ሙሉ ደቂቃ።
ስልሳ አራት።
አላመንኩትም፤ እንደገና ቆጠርኩ።